ማሳው ባዶ ነው ብለውኝ ነበር

ይህን ታሪክ ለብዙ ሰው ተርኬዋለሁ። የሰማኝ ሁሉ መጨረሻው ላይ «እግዚአብሔር አወጣህ» ይለኛል። እውነት ነው፣ አውጥቶኛል። እኔ ግን የማወራው መትረፌን ለመናገር አይደለም፤ ተናድጄ ነው የማወራው። ዓመታት አልፈው እንኳ ንዴቱ አልበረደልኝም። እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ያን ጊዜ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት አሥራ ስድስት ዓመት የጦር አውሮፕላን አብርሬአለሁ። ጠላት ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ እንደሚመጣ፣ መስታወት ቢሸፈን በጎን እያዩ እንዴት እንደሚታረፍ፣ ሞተር ሲደክም እጅ መሪው ላይ እንዴት መረጋጋት እንዳለበት ስንማር ኖረናል። በአገልግሎት ዘመኔ ሁሉ ግን አንድም የጠላት አውሮፕላን ፊት ለፊት ሳይገጥመኝ ተሰናበትኩ። ጓደኞቼ «ጥይት ያልተኮሰ ተዋጊ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የእርሻ መድኃኒት የምትረጭ፣ ባለ አንድ ሞተርና ባለ አንድ ወንበር ትንሽ አውሮፕላን ማብረር ጀመርኩ። አየር ላይ የመጀመሪያው ውጊያዬ የገጠመኝ በዚህ ሥራ ላይ እያለሁ፣ ይፋት ቆላ ውስጥ ነው። ጠላቴ አንበጣ ነበር። ቢያንስ ያን ዕለት ጠዋት ጠላቴ አንበጣ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ወሩ ጥቅምት ነው። ማሽላው ፍሬ ይዞ፣ ጤፉ ሊታጨድ ሳምንታት ሲቀሩት አንበጣው ከምሥራቅ፣ ከበረሃው በኩል መጥቶ ቀወት ወረዳ ላይ ወረደ። እኔና መካኒኩ ተፈራ ሸዋ ሮቢት ተላክን። ከከተማው ወጣ ብሎ ግሬደር የደለደለው የአፈር ሜዳ ነበር፤ መነሻችንም ማረፊያችንም እሱ ነው። ለሥራው የተመደበልን አስተባባሪ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀትና አቧራ ሸሚዙ እንደተተኮሰ የሚውል ሰው ነበር። ስሙን አልጠራም። ስሙን የምተወው ለሱ አዝኜ አይደለም፤ እንደ እሱ ያለው ብዙ ስለሆነ ነው።

ለማታውቁት አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንበጣ ሌሊት ሲበርደው ዛፍ ላይና አገዳ ላይ ሰፍሮ ያድራል። ፀሐይ እስክታሞቀው ድረስ መብረር አይችልም። የሚረጨው እንግዲህ ያኔ ነው፤ ከንጋት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ግፋ ቢል ሦስት ሰዓት። ከዚያ ወዲያ መንጋው ይነሳል፤ የተነሳ መንጋ ውስጥ በትንሽ አውሮፕላን መግባት ራስን መግደል ነው። ሁለተኛው ደንብ ደግሞ፣ የሚረጨው ማሳ ላይ ሰውም ከብትም ንብም መኖር የለበትም። ለገበሬው አስቀድሞ መንገር፣ ጠዋትም ሰው አለመኖሩን ማረጋገጥ የአስተባባሪው ሥራ ነው።

ያን ዕለት ሊነጋጋ ሲል ሜዳው ላይ ደርሰናል። ተፈራ ኬሚካሉን ሞልቶ፣ ሞተሩን ፈትሾ ጨርሷል። ልነሳ ስል አስተባባሪው መጣና ቆይ አለኝ። ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ፣ ካሜራም ይዘዋል፣ አውሮፕላኑ ሲነሳ መቅረጽ ይፈልጋሉ፣ አንድ ሰዓት ላይ ይደርሳሉ አለ። አንድ ሰዓት ሆነ። ሁለት ሆነ። ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ክንፉ ላይ እጅ አላስቀምጥ አለ። በስተምሥራቅ ማሽላው ላይ ቡናማ ጢስ የመሰለ ነገር ቀስ እያለ ሲነሳ አየሁ። ተፈራም አይቶታል። የእጁን መጥረጊያ ጨርቅ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

እንግዶቹ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በሦስት መኪና መጡ። ንግግር ተደረገ። ከረባት ያሰረ አንድ ሰው አውሮፕላኑ ላይ ስወጣ የቀረጹትን የመጀመሪያ ምስል ፀሐይ መታው ብሎ ወርጄ እንደገና እንድወጣ ጠየቀኝ፤ ወጣሁ። ከዚያ ወርጄ አስተባባሪውን ወደ ጎን ጠራሁትና ዛሬ መነሳት እንደሌለብኝ፣ ነገ በንጋት ብንሠራ እንደሚሻል ነገርኩት።

«ካፒቴን፣ እንግዶቹ የመጡት አውሮፕላኑ ሲነሳ ለማየት ነው፤ ነገ የሉም» አለኝ።

«መንጋው ተነስቷል እኮ።»

«አንዴ ዳር ዳሩን ረጭተው ይመለሱ። ለዛሬ ይበቃናል።»

«ሰዉስ ከማሳው ወጥቷል?»

«ማሳው ባዶ ነው። ለቀበሌው ተነግሯል።»

እዚህ ላይ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ፣ ለምን እምቢ አላልክም ብዬ። አንደኛው ምክንያት የወታደር ልማድ ነው፤ ሂድ ሲሉኝ የምሄድ ሰው ነበርኩ። ሁለተኛውን መናገር ያሳፍረኛል፤ ካሜራው ፊት እንደ ፈራ ሽማግሌ መታየት አልፈለግሁም። ተፈራ ቀበቶዬን ሲያስርልኝ ከወትሮው ይልቅ ቆየ። ከዚያ የክንፉን ጫፍ መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ተነሳሁ።

ከላይ ሲታይ ይፋት ያምራል። በስተምዕራብ ተራራው ግድግዳ ሆኖ ይቆማል፣ ከሥሩ ማሽላው እስከ ሮቢ ወንዝ ድረስ ይዘልቃል፣ ከወንዙ ወዲህ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ተሰልፈዋል። መንጋው የሜዳውን ግማሽ ይዞ ከፍ ዝቅ ይላል። ዳሩ ላይ ግን ገና ያልተነሳ፣ አገዳውን ያጎበጠ አንበጣ ነበር። እሱን ልረጭ ብዬ ወረድኩ፤ የሁለት ቤት ቁመት በማይሞላ ከፍታ። የመርጫውን እጀታ ከፈትኩ።

ቆጥሬዋለሁ፤ አራት ሴኮንድ ያህል ነው። በአምስተኛው ከማሽላው መሀል ቀይ ሻሽ አየሁ። ከዚያ ወደ ላይ የተዘረጋ እጅ፣ ቆርቆሮ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ጀሪካን በዱላ የሚመታ ሰው። ማሳው በሙሉ ሰው ነበር። አንበጣውን ሊያባርሩ ወጥተዋል፤ ሠላሳ፣ አርባ፣ ከዚያም በላይ። ከሁሉም አንድ ሽርጥ ያሸረጠ ሽማግሌ ትዝ ይለኛል። ሌሎቹ ሲሸሹ እሱ ቆሞ ቀና ብሎ ያየኝ ነበር። የሚረዳቸው መጣ ብሎ ይሆናል። ፊቱን እንደገለጠ ነው ያለፍኩበት።

እጀታውን ዘጋሁ። እንዳልነካቸው ብዬ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ላይ ሳብኩ፣ ቀጥታ መንጋው ውስጥ ገባሁ።

ድምፁ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ በረዶ ነው የሚመስለው። በሁለት ሦስት እስትንፋስ ውስጥ የፊቱ መስታወት ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ተለሰነ። መጥረጊያው ይብሱን አዳረሰው። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ መውጣት ጀመረ፤ አየር መግቢያው እየተደፈነ ነው። ራዲዮውን አንስቼ ማሳው ውስጥ ሰው እንዳለ፣ ሰው ላይ እንደረጨሁ፣ መኪናና ውኃ ቶሎ እንዲልኩ ተናገርኩ። የመለሰልኝ ተፈራ አልነበረም፣ አስተባባሪው ነው።

«ሲያዩዎት ይወጣሉ፤ ይቀጥሉ» አለኝ።

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤአለሁ። እንደዚያች ቃል ግን ያንገበገበኝ የለም። ራዲዮውን ጣልኩት።

ሞተሩ ጉልበቱ ግማሽ ሆነ። አውሮፕላኗ ኬሚካል ተሸክማ እንደ ድንጋይ ትከብዳለች፤ ከፍታ መያዝ አልቻለችም። እንዲህ ላለ ጊዜ ቀይ እጀታ አለ። ሲሳብ የተሸከመችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ትደፋዋለች፣ ትቀላለች፣ ትነሳለች። መመሪያው ሳብ ይላል፤ ተፈራም ሲሸኘኝ ሁልጊዜ «ቀዩን እንዳትረሳ» ይለኝ ነበር። አልረሳሁትም። እጄ እላዩ ላይ ነበር።

በፊት መስታወት የሚታይ ነገር ስላልነበረ አውሮፕላኗን በጎን አንሸራትቼ በግራ መስኮት ማየት ጀመርኩ። አየር ኃይል ውስጥ የተማርኩት ነው፤ ያኔ ለምን ይጠቅማል ብዬ የሰለቸኝ ትምህርት። በግራ መስኮት የማየው ግን ሰው ነበር። ይኼኛው ማሳ ላይ ሰው፣ ቀጥሎ ያለው ላይ ሰው፣ ከዚያም ወዲያ ሰው። ቀዩን ብስበው እዚያ ሁሉ ሕዝብ ራስ ላይ ነው የሚወርደው። ጀግና ሆኜ አይደለም። እጄ ነው እምቢ ያለኝ። ከዚያ በፊት እኔ እምቢ ማለት አቅቶኝ፣ እጄ አለልኝ።

የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹ መጡ። ከላያቸው ለማለፍ ከፍታ የለኝም፤ ዞሬ ለመመለስ ጉልበት የለኝም። በጎን እያየሁ ሁለቱን ምሰሶ ለየሁ፣ በመካከላቸው ከሽቦው ሥር ለማለፍ ወሰንኩ። ወረድኩ። የማሽላው ራስ ጎማውን ሲጠርገው ተሰማኝ። አንድ ጥቁር መስመር ከራሴ በላይ አለፈ። 

ከሽቦው ወዲያ ወንዙ ነበር። እዚያ ልድፋው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ከታች ሽንኩርት የሚያጠጡበት፣ ከብት የሚጠጣበት፣ ሰው የሚቀዳበት ወንዝ ነው። አልደፋሁትም። ዳሩ ላይ ያለው አሸዋ ታየኝ፣ ሞተሩን አጠፋሁና እንደተሞላች አወረድኳት።

መጀመሪያ ነካች፣ ዘለለች፣ ሁለተኛ ስትወርድ የግራ ጎማዋ ተሰበረ። ክንፏ አሸዋውን እያረሰ ዞረችና በአፍንጫዋ ተተከለች። ደረቴ መሪው ላይ ሲያርፍ የጎኔ አጥንት ሲሰበር ሰማሁት። ከዚያ ጸጥ አለ። ቀበቶዬ ላይ ወደ ፊት ተንጠልጥዬ የኬሚካሉ ጋን ፈንድቶ እንደሆነ ለማሽተት ሞከርኩ። አልፈነዳም።

ቀድማ የደረሰችው ቀይ ሻሽ ያሰረችው ሴት ናት። ስሟ ዘሀራ መሆኑን በኋላ አወቅሁ። መታጠቂያው አልፈታ ሲለኝ በማጭዷ ቆረጠችው፣ በብብቴ ይዛ ጎትታ አወጣችኝ፣ አሸዋው ላይ አስቀመጠችኝ። መተንፈሴን ካየች በኋላ ነው የተናገረችው።

«አባቴ ላይ ረጨህበት» አለችኝ። አንተ ነው ያለችኝ። መብቷ ነው።

አባትየው ጋሼ ሰይድ ይባላሉ። ቀና ብለው ያዩኝ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጧቸው፤ ዓይናቸው አብጦ ተከድኗል፣ ሸሚዛቸው ኬሚካል ኬሚካል ይሸታል። ያን ጊዜ የጎኔን ሕመም ረሳሁ። ልብሳቸውን እንዲያወልቁላቸው፣ ከወንዙ በጀሪካን ውኃ እንዲያመላልሱልኝ ጠየቅሁ። ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ዓይናቸውን ከፍቼ አፈሰስኩበት። አንዱ ጀሪካን ሲያልቅ ሌላ፣ እሱ ሲያልቅ ሌላ። እሳቸው በመሀል «ያ አላህ» ከማለት በቀር ድምፅ አላሰሙም። ዘሀራ አጠገቤ ቆማ እጄን ታይ ነበር።

ከብዙ ውኃ በኋላ ጋሼ ሰይድ እጄን ያዙት።

«ልጄ፣ እዚያ መሆናችንን ነግረውህ ነበር?»

«አልነገሩኝም፣ ጋሼ። ማሳው ባዶ ነው ነው ያሉኝ።»



«እኛ ታዲያ ባዶ ነን?» አሉ።

ሌላ ጀሪካን አንስቼ ማፍሰሴን ቀጠልኩ። 

ዘሀራ ስትነግረኝ፣ አውሮፕላን ይመጣል የተባሉት ባለፈው ሳምንት ነው። ሦስት ቀን ከማሳቸው ርቀው ጠበቁ፤ አልመጣም። በአራተኛው ቀን የዓመት ቀለባቸው ሲበላ ቆመው ማየት ስላልቻሉ ቆርቆሯቸውን ይዘው ወጡ። ያን ዕለት እንደሚረጭ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

አስተባባሪው በመኪና ደረሰ። ወርዶ መጀመሪያ ያየው አውሮፕላኗን ነው። ዞራት። ጋኑ ፈንድቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። ካሜራ ይዞ የመጣ ሰው አለመኖሩን ዞር ብሎ አረጋገጠ። ጋሼ ሰይድ ከእሱ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ተኝተዋል፤ አንድ ጊዜም አላያቸውም። መኪናው እሳቸውን ወደ ሆስፒታል ይውሰድ ስለው ለእንግዶቹ እንደሚፈለግ፣ ሌላ እንደሚልክ ነገረኝ። ልነሳበት ሞከርኩ፤ ጎኔ ወግቶኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ሾፌሩ፣ እስከዚያ ድረስ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ሰው፣ የኋላውን በር ከፈተና «ጋሼ፣ ይግቡ» አለ። አለቃውን ፈቃድ አልጠየቀም። ሦስታችንን፣ ጋሼ ሰይድን፣ ዘሀራንና እኔን ጭኖ ሄደ። አስተባባሪው አሸዋው ላይ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል መጣ። ሸሚዙ እንደወትሮው ተተኩሷል። ብርቱካን ይዞልኛል፣ ወረቀትም ይዟል። ወረቀቱ አደጋው በድንገተኛ የቴክኒክ ብልሽት እንደደረሰ፣ ማሳው በደንቡ መሠረት አስቀድሞ ከሰውና ከእንስሳት ነፃ መደረጉን ይናገራል። ከሥሩ የእኔ ስምና የፊርማ ቦታ አለ።

«ካፒቴን፣ የሞተ ሰው የለም። ለምን እናወሳስበዋለን?» አለኝ።

ጋሼ ሰይድ የተኙት ቀጥሎ ባለው ክፍል ነበር። ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ፣ ዘሀራ ምግብ ስታጎርሳቸው በበሩ ይታየኛል። ብዕር ስጠኝ አልኩት። ደስ ብሎት ሰጠኝ። ከጽሑፉ በታች «ማሳው ውስጥ ሰው ነበረ። እኔም ረጭቼበታለሁ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

አነበበው። መልኩ ተለወጠ። ራሴን እንደምጎዳ፣ ከሱ ይልቅ እኔ እንደምጠየቅ በዝግታ አስረዳኝ። ልክ ነህ፣ እኔም ልጠየቅ ይገባል አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ፤ ያን ወረቀት ዳግም አላየሁትም። ስለዚህ ከሆስፒታል ስወጣ ታሪኩን እንደገና በእጄ ጻፍኩ፣ ለሚመለከተው ሁሉ ላክሁ። ከአንዱም መልስ አልመጣም። የመጣልኝ ከሥራ የመሰናበቻ ደብዳቤ ነው፤ ምክንያቱ «ከመንጋው ጋር ተገቢውን ርቀት አለመጠበቅ» ይላል። ያ ሰውዬ ዛሬ ከዚያን ጊዜው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ማሽላውን አንበጣው በላው። አውሮፕላኑ ሲነሳ በካሜራ የተቀረጸው ግን ለሕዝብ ታይቷል፤ ጓደኞቼ ደውለው አየንህ ብለውኛል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አብዛኞቻችሁ አውሮፕላን አታበሩም። ግን አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ «ባዶ ነው፣ ተነግሯል፣ ተረጋግጧል» ይላችኋል። ማሳ ላይሆን ይችላል፤ የሚፈርስ ሰፈር፣ የሚዘጋ መንገድ፣ የሚሰረዝ ስም ሊሆን ይችላል። ሄዳችሁ ሳታዩ እንዳትፈርሙ። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ታዛዥነትን እንደ ጌጥ ለብሼው ኖሬአለሁ። ለካ የታዘዝኩትን ሳደርግ ከታች ማን እንዳለ አለመጠየቄን ነበር ዲሲፕሊን ብዬ የምጠራው። ዛሬ ለሌላ ድርጅት አበራለሁ። ከመነሳቴ በፊት ባለው ቀን የምረጨውን ማሳ በእግሬ እዞረዋለሁ፤ ካልዞርኩት አልነሳም። ሥራ አጓተተብን ብለው ሁለት ጊዜ ከሥራው ቦታ መልሰውኛል። ይመልሱኝ።

የጋሼ ሰይድ ቀኝ ዓይን ዳነ። ግራው በጭጋግ ውስጥ እንደሚያይ ሆኖ ቀረ። በዓመቱ ቀወት ድረስ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ዘሀራ ማንጎ አቀረበችልን፣ አሁን አንቱ ትለኛለች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዲሱ ማሽላ አወራን። ልነሳ ስል ድፍረቱን አግኝቼ አውፍ እንዲሉኝ፣ ይቅር እንዲሉኝ ለመንኳቸው።

«እኔ አንተን ያን ዕለት ውኃውን ስታፈስልኝ አውፍ ብዬሃለሁ» አሉኝ። ከዚያ በደህናው ዓይናቸው ወደ አስፋልቱ መንገድ አዩ። «እነዚያን አንተን የላኩህን ግን እንዴት አድርጌ አውፍ ልበላቸው? አውፍ የሚባለው መጥቶ ለጠየቀ ሰው ነው። አንድም ሰው አልመጣም።»